ውሃው ላታቸው ውስጥ ነው

የተጠማ በግ ሽንት ውሃ ከጠገበው በግ ሽንት ይለያል። የጠገበው ሽንት ቀጭን ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይጠፋል። የተጠማው ግን ጥቂትና ወፍራም ነው፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ መሬቱ ከደረቀ በኋላም ከቦታው አይለቅም። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ በምኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር፣ ይኸው ሽታ በድንገት አገኘኝ። ወደ ልጅነቴ መንደር፣ ወደ አቃቂ በሰቃ የመለሰኝ እርሱ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ማለቴን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ይህን ቃል ከዚህ በኋላም መደጋገሜ አይቀርም።

የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። በዚያ ቀን ቦቴ መጥቶ ከሕንፃው ጥግ ቆመ፤ ቢጫ ጀሪካኖችም ከመኪናው እስከ ደረጃው ድረስ ተደረደሩ። ሰልፉ ግማሽ ሳይደርስ ሁለት ወጣቶች «እኔ ነኝ የቀደምሁት» በሚል ተያያዙ፤ አንደኛው የሞላ ጀሪካን አወናጭፎ የሌላውን ቅንድብ ሰነጠቀው። ደሙ በቢጫው ፕላስቲክ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሰልፉ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ጥቂት አለፍ ብሎ አንድ የበዓል ነጋዴ ያቆማቸው በጎች በቀትር ፀሐይ ቆመዋል። አንዱ ራሱን ከሌላው ሆድ ሥር ቀብሮ፣ ያም ከሚቀጥለው ሆድ ሥር ቀብሮ፣ ራስ የሌለው አንድ ትልቅ እንስሳ መስለዋል። ከኋላዬ ጀሪካኗን በእግሯ እየገፋች የቆመችው ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ፣ «እነዚያን አዩልኝ ጋሼ፤ እነሱ ጥላ ይዋዋሳሉ፣ እኛ ጀሪካን እንወራወራለን» አለችኝ። ወዲያው ከፊት አንድ ድምፅ «በጊቱ፣ ሰልፍሽን ያዢ!» ብሎ ጠራት። በጊቱ የቤት ስሟ ነው። ሽታውና ይህ ስም በአንድ ጊዜ ሲገጥሙኝ ስለ በግ ነጋዴዋ ስለ እትዬ ዘሃራ ለመጻፍ ቆረጥሁ።

በበረቷ አንድ ቀን ለሆነው ነገር ምንጮቼን አስቀድሜ ልናገር። የራሴ ዓይን አለ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ፊደል ከለየሁ ብዙ ያልቆየሁ ልጅ ነበርሁ፤ ያየሁትንም ያየሁት ከቤታችን የድንጋይ አጥር ላይ ሆኜ፣ በአቧራና በሰው ጀርባ መካከል ነው። በዕድሜ የምትበልጠኝ ሟች እኅቴ አስካለ ከነእንስራዋ በግርግሩ መካከል ስለነበረች ከእኔ የተሻለች ምስክር ናት፤ ሆኖም ታሪኩን በተረከችው ቁጥር አንድ ነገር ትጨምርበት ነበር። ወይዘሮ አልማዝም የምትለው አላት፤ ነገር ግን በዕለቱ የአራስ ቤት ሕፃን ነበረችና የምታውቀው እናቷ የነገረቻትን ብቻ ነው። በዚህ ላይ እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት የእንስሳትን የሰውነት አሠራር በማስተማር ነው። ኋላ ከመጻሕፍት የተማርሁት በልጅነቴ አየሁት ወደምለው ነገር ሾልኮ አልገባም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

እትዬ ዘሃራ በጎቿን የምታሳድርበት በረት ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣ ከቤታችን አጥር ማዶ ነበር። ግድግዳው ባረጁ የሐዲድ እንጨቶችና በዛገ ቆርቆሮ የተገጣጠመ፣ ላዩ በግራር እሾህ የታጠረ ነው። ከወሎ፣ ከቆላው ጠርዝ፣ ባሏን ተከትላ መጣች፤ ባሏ ሲሞት የበግ ንግዱን ይዛ ቀረች። ረጅም፣ ደረቅ፣ መፋቂያ ከአፏ ጥግ የማይለይ ሴት ነበረች። ሽመሏን በላት ስብ እያሸች ታወዛው ስለነበር ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ናስ ያብረቀርቃል። ይህ ሽመል ሥራ ፈትቶ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ውሻ ይመታል፤ ሌባ ይመታል፤ ሳያስፈቅድ ላት የሚጨብጥ ገዢን እጅ ይመታል። የአንድ ደላላ ጣት ሰበረች ይባል ነበር። ጣቱ ሲሰበር አላየሁም፤ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በበራችን ሲያልፍ ግን አይቻለሁ። እናቴ ስሟን የምትጠራው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ በመንደሩ ውስጥ እንዲህ የምትጠራው ሌላ ስም የበሽታ ስም ብቻ ነው።

በጎቹ ከአዋሽ ወዲያ፣ ከቆላው አገር፣ በባቡር ይመጣሉ። የዕቃ ፉርጎው በር ሲከፈት የሚወጣው ግለት ፊት ይገርፋል። የፊተኞቹ ከኋላ ተገፍተው ይወድቃሉ፤ የኋለኞቹ የወደቁትን ይረግጣሉ፤ በመንገድ የሞተው በእግሩ ተጎትቶ ይጣላል። የሚያወርዳቸው የጣቢያው ጫኝና አውራጅ ደምሴ ነበር፤ አንገቱ አጭር፣ ክንዱ ወፍራም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ከዚያ ሻምበል የሚባለው አውራ በግ ይመራቸዋል። ሻምበል አይሸጥም ነበር፤ ሥራው ጣቢያ ድረስ ሄዶ አዲስ የመጡትን ወደ በረቱ ማድረስ ነው። በረት ሲገቡ የበርሜሉ ውሃ ይሸታቸውና ሁሉም በአንድነት ይነጉዳሉ። እትዬ ዘሃራ በርሜሉ ፊት ቆማ አፍንጫ አፍንጫቸውን በሽመል ትመልሳቸዋለች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ፣ ትንፋሻቸው እስኪረጋ ድረስ አንዲት ጠብታ አትሰጣቸውም። ከቦኖ የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው ያዩና «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት አረመኔ ናት» ብለው ያልፋሉ።

እርሷ ግን መልስ ነበራት። የአንዱን በግ ሰፊ ላት በመዳፏ መታ ታደርግና፣ ላቱ እንደ ውሃ ስልቻ ሲንቀጠቀጥ፣ «የኔ በጎች ውሃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ውሃው ላታቸው ውስጥ ነው» ትላለች። በዚህ ንግግር ከሁሉ ይበልጥ የሚስቀው ደምሴ ነበር፤ ገዢ በመጣ ቁጥርም «ይቺን ላት ግዛና ከቦኖ ሰልፍ ተገላገል» እያለ ያሟሙቅላታል። ለእርሷ ቀልድ ነበር? እጠራጠራለሁ፤ በሙሉ እምነት የምትናገረው ይመስለኛል። ለመንደሩም ውሎ አድሮ ቀልድነቱ ቀረ። ላት ሲነካ መወዛወዙን ያየ ሰው ሁሉ ውስጡ ውሃ እንዳለ አመነ፤ እኔም አምኜ ነበር።

ዛሬ መናገር የምችለው ላት ስብ መሆኑን ነው። የተራበ በግ ስቡን እያቃጠለ ይኖርበታል፤ ከዚያ ቃጠሎ የሚገኘው ውሃ ግን ትንሽ ነው፤ ስቡን ለማቃጠል የሚያስፈልገው ትንፋሽም አብዛኛውን መልሶ ይወስደዋል። የቆላ በግ ጥምን የሚችለው በሌላ መንገድ ነው። ሽንቱን ያወፍራል፤ በጠጡን እንደ ሽምብራ አድርቆ ይጥላል፤ በአፍንጫው ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም ያቀዘቅዛል፤ ማለዳና ምሽት ሣሩ እርጥበት ሲይዝ ይግጣል፤ በቀትር ራሱን ከጓደኛው ሆድ ሥር ያስጠልላል። ዋነኛው ጎተራው ግን ሌላ ቦታ ነው። እርሱን ያወቅሁት በደም መካከል ስለሆነ ደሙ ሲመጣ እናገረዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሕማማት ነው። በልግ ቀርቶ ነበር። ወንዙ በድንጋዮቹ መካከል እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቦኖው ማለዳ ጥቂት ተንጠባጥቦ ይዘጋ ነበር። ሴቶቹ ከስግደት በቀጥታ ወደ ሰልፉ ይመጣሉ፤ የጉልበታቸው አፈር ሳይራገፍ ይደባደባሉ። ጠጉር ይጓተታል፤ እንስራ በእንስራ ይሰበራል። አንዲት ሴት የሌላዋን ጆሮ ነክሳ ጉትቻውን ከነሥጋው ተፋችው ስትል እኅቴ ትተርክ ነበር፤ ይህን የተናገረው ሌላ ሰው ግን የለም። በዚያ ሁሉ መካከል ውሃ ያለው በእትዬ ዘሃራ በርሜል ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከሩቅ ጉድጓድ በአህያ አስመጥታ የሞላችው ነው። ነገሩ በሆነ ማግስት የፋሲካ ገበያ ስለሚቆም ለበጎቹ የምታጠጣው ያን ዕለት ምሽት ነበር። እስከዚያ ሻምበልም ሌሎቹም ውሃ ካዩ ቀናት አልፈዋቸዋል።

በቀትር ደምሴ እንስራ ይዞ መጣ። ሚስቱ በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ያቺ ሕፃን የዛሬዋ ወይዘሮ አልማዝ ናት። ቦኖው ተዘግቶበት የተመለሰው ሰልፈኛም ተከትሎት ነበር፤ እኅቴ ከነዚያ አንዷ ናት። በረቱ በር ላይ ያሉትን ንግግር ሦስታችንም ምንጮች ከሞላ ጎደል በአንድ ቃል እንናገረዋለን።

«እትዬ ዘሃራ፣ ቤት ውስጥ አራስ አለች» አላት። «አንዲት እንስራ ብቻ።»

«ሲመሽ ና። ከጠጡ በኋላ የተረፈውን ትወስዳለህ።»

«ልጅቷ ሳትታጠብ ነው ያደረችው።»

«እነዚህም ሳይጠጡ ነው ያደሩት። ዛሬ ካልጠጡ አይበሉም፤ ካልበሉ ነገ ገበያ የማወጣው አጥንት ነው። እኔስ ሌላ ምን አለኝ?»

ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ «ውሃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት ስትለን አልነበር? በርሜሉ ለምን አስፈለጋቸው?» አለ። ሰልፈኛው ሳቀ። ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም፤ የተጠማ ሰው ሳቅ ደረቅ ነው፤ ሳል ይመስላል። ደምሴ አልሳቀም። እኅቴ ደግሞ ያለ ድምፅ ሲስቅ አይቼዋለሁ ትል ነበር። ከዚያ በትከሻው በሩን ገፍቶ ገባ፤ ሻምበልን በቀንዱ ይዞ ከግድግዳው አጣበቀው፤ እንስራውን ከላቱ ሥር አስተካክሎ አስቀመጠ። ገመድ የሚቆርጥበትን ቢላዋ ከወገቡ መዘዘና፣ «እንግዲያው ከሱ እቀዳለሁ» አለ።

ላቱን ከሥሩ በአንድ ምት ቆረጠው።

እንስራውን ማስቀመጡ ለንዴት ማሳያ ነበር ወይስ በእውነት ውሃ ይጠብቅ ነበር? ሕይወቴን ሙሉ የመላለስሁት ጥያቄ ነው። ከአጥሩ ላይ ሆኜ ያየሁት ፊቱ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎ ወደ እንስራው አፍ ይመለከት ነበር። ከቁስሉ የወረደው ደም ነው። በእጁ የቀረው ላት ተከፍቶ ነጭ፣ ድፍን፣ እንደ ሰም የረጋ ሆኖ ታየ። ደሙ እንስራው ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ውሃ ሲቀዳ የሚሰማውን ያንኑ ድምፅ፣ እሰማው ነበር እላለሁ፤ ከዚያ ርቀት መሰማቱን ግን አእምሮዬ አይቀበለውም። ሻምበል አልጮኸም። እኅቴ ጮኸ ትል ነበር። በግ ሲቆስል አብዛኛውን ጊዜ ዝም እንደሚል ኋላ ተምሬአለሁ፤ ዝምታውን ከዚያ ትምህርት ወስጄው እንደሆነ አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ ሽመሏን ሁለት ጊዜ አነሣች። የመጀመሪያው የእጁ አንጓ ላይ ሲያርፍ ቢላዋው ወደቀ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘው፤ የተሰነጠቀ ግንድ ድምፅ ሰጠ። ደምሴ በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ወገቧን በሁለት እጁ ይዞ ከበርሜሉ ጋር አላተማት። በርሜሉ ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ውሃውም በበረቱ አዳፋ ላይ ሄደ። ያን ጊዜ በሩም ግድግዳውም አልቆመም። ሰልፈኛው ቆርቆሮውን ገንጥሎ፣ እሾሁን በባዶ እጁ ጎትቶ ገባ። በእንስራ፣ በጣሳ፣ በእፍኝ፣ በቀሚስ ጫፍ ከጭቃው ይቀዱ ጀመር። በጎቹም በዚያው ውሃ ላይ ተረባረቡ፤ ሰው በግን ይረግጣል፣ በግ ሰውን ይረግጣል። አንዲት አሮጊት በጎቹ ሥር ሆነው አፋቸውን ከጭቃው አላላቀቁም ነበር። አንዱ ሌላውን በእንስራ ቁራጭ ጀርባው ላይ ተለተለው። እኅቴ ፊት ጥርሷ የተሸረፈው በዚያ ግርግር ነው ትል ነበር፤ ለእናቴ ግን ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ብላታለች።

ብዙ አልቆየም። መሬቱ ውሃውን ከሰው ቀድሞ ጠጣው። ሲያልቅ ሁሉም በያለበት ቆመ፤ የሚደባደቡበት ነገር አልነበረም። ሻምበል ጅራቱ በነበረበት በኩል እየደማ፣ ከግድግዳው ሳይለቅ፣ በአራት እግሩ ቆሞ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ጊዜ አልነበራትም። በጉ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው። እርሷ እስላም ናት፤ ላቱን የቆረጠው ክርስቲያን፣ ተመልካቹ ክርስቲያን፣ ቀኑም ሕማማት ነው። አንድ ሽማግሌ ከጣቢያው እስላም ወንድ ይጠራ አሉ፤ በእኛም በእነርሱም ወግ ሴት ቢላዋ ከበግ አንገት አታሳርፍም ነበርና። እትዬ ዘሃራ አልጠበቀችም። የተቆረጠውን ላት አንሥታ ለውሻ ወረወረች። ሻምበልን አጋድማ ራሱን ወደሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ አዞረች፤ በጉልበቷ ያዘችው፤ የወደቀውን ቢላዋ አንሥታ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብላ ዐረደችው። ሴቶቹ አማተቡ። ላቱ ሲቆረጥ ካዩት ይልቅ ሴት ስታርድ ማየታቸው እንዳስደነገጣቸው እኅቴ ደጋግማ ነግራኛለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ለምን እንደሆነ አላውቅም። አልገፈፈችውም። ገና እግሩ ሲንፈራገጥ ቢላዋውን ከሆዱ አግብታ እስከ ወዲያኛው ሳበችው፤ ትልቁ ጨጓራ እንደ ስልቻ ተዘረገፈ፤ እርሱንም ቀደደችው። ከፈርሱ ጋር አረንጓዴ ውሃ ወጣ። ከሰውነቱ ሙቀት ጋር እየጨሰ በእግሯ ጣቶች መካከል ፈሰሰ። ቀናት ሙሉ ውሃ ያላየ በግ ነው። ትልቁ ጎተራ ይህ ነበር፤ በግ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠጣል፣ ጨጓራው ይይዝለታል፣ ደሙም ከዚያ በቀስታ ይበደራል። የውሃው ብዛት በትዝታዬ ውስጥ አድጎ ሊሆን ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የተጠማ በግ ጨጓራው እየጎደለ ይሄዳልና። መፍሰሱን ግን እኅቴም አይታለች።

እትዬ ዘሃራ እግሯን ተመለከተች። ደምሴ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ፣ በጣቶቹ መካከል ደም እየወረደ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር። ወደ እርሱ ዞራ፣ «ሆዱ ውስጥ ነው የነበረው፤ ላቱ አይደለም» አለችው።

«ምን አልሽኝ?» አላት።

አልደገመችለትም። ደምሴ በዚያ ጆሮው ከዚያ ቀን በኋላ ሰምቶ አያውቅም።

ይህን የመጨረሻ ንግግር የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኅቴ እትዬ ዘሃራ አንድ ቃል አልተናገረችም ትል ነበር። ኋላ ስለ ጨጓራ የተማርሁትን ትምህርት በአንዲት ሴት አፍ አኑሬው ይሆናል። «ምን አልሽኝ?» የሚለውን ግን ከየት አመጣዋለሁ? መስማት እንጂ መፈልሰፍ የምችል ልጅ አልነበርሁም። ለማንኛውም በኋላ ዘመን ለሙያ የመረጥሁት ያን የተቀደደ ጨጓራ ነው፤ ከእትዬ ዘሃራ የቀረልኝም እርሱ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው የደምሴን ጆሮ ከበጉ ጋር አቻቻሉ። በማግስቱ ገበያ የወጡት በጎች ጎናቸው ገብቶ፣ ጠጉራቸው በጭቃ ደርቆ ስለነበር ገዢ በእጁ እየገፋቸው አለፈ። እትዬ ዘሃራ ቆማ ዋለች፤ ላት እየጨበጡ ሲያልፉም ሽመሏን አላነሣችም። ክረምት ሳይገባ በረቱ ባዶ ሆነ። ወዴት እንደ ሄደች የነገረን የለም። ቦታው ዛሬ የመጋዘን አጥር ነው፤ ከባድ መኪኖች ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆሙበታል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያን ዕለት ወደ ምሽት ከደምሴ ደጃፍ ውሃ የሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጦ ተገኘ፤ ሕፃኗም ታጠበች። በዚህ ሁሉም ይስማማል። ደምሴ እስኪሞት ድረስ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው ያመጡት ይል ነበር። እኅቴ ከእትዬ ዘሃራ ነው ብላ ትከራከር ነበር፤ በርሜሉ ሲወድቅ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም በጎኑ የወደቀ በርሜል ሁሉን አያፈስስም፤ ከአፉ በታች ጥቂት ይቀርበታል፤ አንድ ሕፃን የሚያጥብ ያህል።

በቦቴው ሰልፍ ላይ ቆመን ወይዘሮ አልማዝን ስለ ቤት ስሟ ጠየቅኋት። በልጅነቷ ዝምተኛ ስለነበረች በጊቱ ተብላ ይሆናል ብዬ ግምቴን ነገርኋት፤ ሰዎች ዝምተኛን በግ ይላሉ። ጀሪካኗን አስቀምጣ ሳቀች።

«እኔ? እኔ ዝም ብዬ የማውቅ ይመስልዎታል ጋሼ?»

ስሙን ያወጣችላት እናቷ እንደሆነች ነገረችኝ። ልጅቷ ካደገች በኋላም ሳይቀር እናቷ አናቷን እያሸተተች «አሁንም አልለቀቀሽም» ትላት ነበር። ምን እንዳልለቀቃት ግን ጠይቃት አታውቅም።